ቤተሰብ በሚተኛበት መኪና ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ እንዴት ይገጠማል? ከጅማ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ጅማን በሩቁ የሚያውቅ ሰው ሙቅ አገር ይመስለዋል። ቀን ቀን እውነቱን ነው። ከተማዋ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። በክረምት ዝናቡ ሲያባራ ከቦዬ ረግረግ በኩል የሚመጣው እርጥበት አጥንት ይሰብራል። ወደ ዴዶ ሽቅብ ከወጣችሁማ ጋቢ ብቻውን አይበቃም።

ቤት ውስጥ ሲሆን ብርድ ልብስ ይደረብና ይነጋል። መኪና ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ላሜራ ሙቀት አይይዝም። ፀሐይ ስትገባ ይሞቅ የነበረው ጣሪያ ከሁለት ሰዓት በኋላ በረዶ ይሆናል። የልጆቹ ትንፋሽ መስታወቱ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፤ ሲነጋ ፍራሹ በጠርዙ ረጥቦ ታገኙታላችሁ።

ይህን የምጽፈው ሃያስ ወይም መሰል ሚኒባስ ወንበሩን አውጥተው አልጋ ለሠሩለት፣ ቅዳሜና እሁድ ከልጆቻቸው ጋር ለሚወጡ ቤተሰቦች ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ እሳቱ የሚተነፍሰው አየርና እናንተ የምትተነፍሱት አየር በፍጹም መገናኘት የለባቸውም። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ፣ ቀዳዳውም ቱቦውም ፍተሻውም፣ ከዚህች አንድ ነገር የሚመጣ ነው።

ከሰል እና የወጥ ቤት ምድጃ አይገቡም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና። «ከሰሉ ደህና አድርጎ ከቀላ፣ ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም» ይባላል። ስህተት ነው። ጭስ የሌለው የቀላ ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ሲገባ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። የተኛ ሰው ምንም ሳይሰማው በዚያው ይቀራል። መኝታ የተሠራለት ሚኒባስ ውስጥ ያለው አየር ብዙውን ጊዜ ከ10 ሜትር ኩብ አይበልጥም፤ ለማጠራቀም ጊዜ አይፈጅበትም። መስኮት በጣት ስፋት መክፈት አያድንም።

ስለዚህ ቡናው ውጭ ይፈላ። ዝናብ ከመጣ ሸራ ዘርግታችሁ አፍሉ። ቡናው ካለቀ በኋላ የተረፈውን ፍም «ትንሽ ሙቀት ይስጠን» ብላችሁ ከነማንደጃው አታስገቡ።

የጋዝ ምድጃ አብርቶ መኪና ማሞቅም ያው ነው። የውስጡን ኦክስጅን ይበላል፤ የተቃጠለውን እዚያው ይተፋል። ደግሞም አንድ ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል ወደ 1.6 ኪሎ የሚሆን ውሃ በእንፋሎት መልክ ያወጣል። እርጥበት ሸሽታችሁ እርጥበት ትገዛላችሁ። ምድጃ ለወጥ ነው።

የትኛው ማሞቂያ?

የሚያስፈልጋችሁ የማቃጠያ ክፍሉ ከመኝታው ክፍል ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ማሞቂያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት የአየር መንገዶች አሉት። አንዱ ከውጭ አየር ስቦ ጋዙን ያቃጥልና በጭስ ቱቦ መልሶ ወደ ውጭ ያወጣል። ሁለተኛው የመኪናውን የውስጥ አየር በቬንትሌተር ይስብና በጋለው ብረት ላይ አሳልፎ አሙቆ ይመልሰዋል። ሁለቱ አየሮች በብረት ግድግዳ ተለይተው ይተላለፋሉ እንጂ አይቀላቀሉም። እንደ ትሩማ እና ፕሮፔክስ ያሉ የአውሮፓ አምራቾች ለመኪና ብለው የሚሠሯቸው አሉ።

ለሃያስ 2 ኪሎዋት የሚጠጋ ይበቃል። ኮስተር ለሚያህል መኪና 4 ኪሎዋት አስቡ። ትልቅ መግዛት ብልህነት አይደለም፤ ቶሎ ሞቆ ቶሎ ይጠፋል፣ መልሶ ይነሳል፣ በዚያ ድምፅ ልጅ አይተኛም። ባለ 2 ኪሎዋቱ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት ወደ 150 ግራም ጋዝ ይፈልጋል። በዚህ ስሌት 6 ኪሎ ጋዝ 40 ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ቴርሞስታቱ እያበራ እያጠፋ ስለሚሠራ ግን ከዚያ በላይ ይቆያችኋል። ጣሪያውና ጎኑ ላይ ሙቀት መከላከያ ካላለበሳችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ባዶ ላሜራ ማሞቅ ሜዳ ማሞቅ ነው።

ዕቃው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ነው። ያገለገለ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን የብረት ሰሌዳ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። የምትፈልጉት ሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው ቮልቱ ነው፤ 12 መሆን አለበት። ሁለተኛው የጋዙ ግፊት ነው፤ 30 ሚሊባር ወይም 50 ሚሊባር ይላል። አሁን የሚሠሩት 30 ናቸው፤ ከጀርመን የሚመጡ አሮጌዎቹ ግን 50 ሆነው ይገኛሉ። ሬጉሌተራችሁ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከማሞቂያው ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት። የ30ውን በ50 ሬጉሌተር ማስነሳት እሳቱን ከልክ በላይ ያበዛዋል። በተቃራኒውም እሳቱ ደካማ ሆኖ ይጠፋል።

ሌላው ከፍታው ነው። በጅማ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። እሳቱ በዚያው ልክ ኦክስጅን ይጎድለዋል። የአምራቹ መጽሐፍ ዕቃው እስከ ስንት ሜትር ድረስ እንደሚሠራ ይጽፋል፤ ያንን ገጽ ፈልጋችሁ አንብቡ። መጽሐፉ ከሌለ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ። «ጅግለሩን (ጋዙ ወደ እሳቱ የሚወጣበትን ጠባብ ቀዳዳ) ትንሽ እንነካካው» የሚል ሰው ከመጣ አመስግናችሁ ሸኙት።

ወደ ባሌ፣ ወደ ሳነቲ የመውጣት ሐሳብ ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ከ4,000 ሜትር በላይ ናችሁ፣ ሌሊቱም ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቡቴን የሚባለው ጋዝ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል። ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ማሞቂያው አይነሳም። ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይተናል። ለጅማና ለዴዶ ይህ አያሳስብም።

የናፍጣ ማሞቂያም አለ። መኪናችሁ ናፍጣ ከሆነ ከዚያው ታንከር ይጠጣል፤ ሲሊንደር መሸከም ቀረ ማለት ነው። እኔ ጋዙን እመርጣለሁ። በዚህ ከፍታ የናፍጣው ጥላሸት ያበዛል፣ በየጊዜው መፈታትም ይፈልጋል።

ከመቁረጣችሁ በፊት

ከመኪናው አካል ላይ የሚቆረጥና የሚበየድ ነገር ስላለ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የቦሎ ሰሞን ከመጨቃጨቅ አሁን መጠየቅ ይሻላል።

ከዚያ የማሞቂያውን ልክ በካርቶን ቆርጣችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡት። ብዙ ጊዜ የሚመቸው ከአልጋው ሥር ነው። አሁን ባትሪ አብሩና ከመኪናው ሥር ግቡ። ቀዳዳው የሚወርድበት ቦታ ላይ ምን አለ? ሻንሲ? የፍሬን ቧንቧ? የናፍጣ ታንከር? የካርዳን ዘንግ? የመኪናው ማርሚታ? ከላይ ባዶ የሚመስለው ቦታ ከታች ሙሉ ሆኖ ይገኛል። ካርቶኑን አንቀሳቅሱት፣ እንደገና ግቡ። ይህን ሥራ በትዕግሥት የሠራ ሰው ሌላው ሁሉ ይቀልለታል።

የጭስ መውጫው አቅጣጫ ቀድሞ ይወሰን። ተንሸራታቹ በር ባለበት ጎን አይሁን። ልጆች የሚጫወቱት፣ ረከቦት የሚዘረጋው በዚያ በኩል ነው። ከሚከፈት መስኮት፣ ከበር፣ ከነዳጅ መሙያ አፍ ይራቅ። ብዙ አምራቾች ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይላሉ፤ ቦታ ካላችሁ ከዚያ በላይ አርቁት። ከሚከፈት መስኮት በቀጥታ ሥር ማድረግ በጭራሽ አይሆንም። ጎማው ጭቃ የሚረጭበት መስመር ላይም አይሁን። የጅማን ቀይ ጭቃ ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ጉዞ አፉን ይደፍነዋል።

የሲሊንደሩ ሳጥን

ሥራው የሚጀምረው ከዚህ ነው። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ያህል። ስለዚህ ሲያፈስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ወርዶ ወለሉ ላይ ይተኛል። ልጆቹም ወለሉ አጠገብ ናቸው። ሲሊንደሩ መኖሪያው ክፍል ውስጥ እንዲሁ ቆሞ መቀመጥ የሌለበት ለዚህ ነው።

በያጁ ጋ ሄዳችሁ ሲሊንደሩ ቆሞ የሚገባበት የላሜራ ሳጥን አሠሩ። ሃያስ ላይ ጥሩ ቦታው የኋላው በር ጥግ ነው፤ የኋላውን በር ስትከፍቱ የሳጥኑ በር ይገኛል። ወደ መኝታው የሚዞሩት ግድግዳዎች ብየዳቸው ያለ ቀዳዳ ይለቅ። በሩ ዙሪያውን ጎማ ይኑረው፣ አጥብቆም ይዘጋ። ከሳጥኑ ወለል እስከ መኪናው ሥር ድረስ የሚያልፍ ቀዳዳ ይከፈት። ስፋቱ ቢያንስ 100 ሴንቲሜትር ካሬ ይሁን፣ ማለትም 10 በ10። የሳጥኑ ወለል ሰፊ ከሆነ ከወለሉ ስፋት 2 በመቶ በታች እንዳይሆን አስሉ። ወንፊት ካደረጋችሁበት የሽቦው ውፍረት ቀዳዳውን ያጠበዋል፤ በዚያ ልክ አስፉት። ቀዳዳው ከማርሚታው በላይ ወይም አጠገብ መሆን የለበትም።

ሳጥኑ ውስጥ ባትሪ አይቀመጥ፣ አምፖል አይገባ፣ የኤሌክትሪክ ማገናኛ አይኑር። ትንሽ ብልጭታ ይበቃልና። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ፣ ከላይና ከታች በቀበቶ ታስሮ ይቀመጥ። ተጋድሞ ከሄደ ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባል።

ቧንቧው

የመዳብ ቧንቧ ሥራ የለመዱ ሰዎች ከፈለጋችሁ ፍሪጅ ጠጋኞች ናቸው። በጅማ መርካቶ ዙሪያ አይጠፉም፤ መቁረጫውም መጠምዘዣውም አላቸው። ሳጥኑንና ቀዳዳውን ራሳችሁ ብትሠሩ እሰየው። መገጣጠሚያዎቹን ግን እጁ የለመደ ሰው ይሥራቸው፤ እናንተ አጠገቡ ቁሙ። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ ንገሩት። የፍሪጅ ቧንቧ በኢንች ነው የሚለካው፤ የማሞቂያው በሚሊሜትር ነው። 5/16 ኢንቹ 7.94 ሚሊሜትር ስለሆነ ከባለ 8ቱ ጋር ዐይን አይለየውም። «ያው ነው ጋሼ፣ ይገባል» ማለቱ አይቀርም። አዎ፣ ይገባል። ቀለበቱ ግን አጥብቆ አይነክስም። ቧንቧውም፣ ዳዶውም፣ ቀለበቱም ባለ 8 ሚሊሜትር ይሁኑ፤ በካሊፐር ይለካ።

ሲቆረጥ ጠጋ ብላችሁ እዩ። በሴጌቶ ከቆረጠ አስቁሙት። የመዳብ ብናኝ ውስጥ ይቀርና ሄዶ የማሞቂያውን ጅግለር ይደፍናል። በመቁረጫው እያዞረ፣ በየዙሩ ትንሽ እያጠበቀ ይቁረጥ። ከተቆረጠ በኋላ የቧንቧው አፍ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለት ይኖረዋል። አፉን ወደ መሬት ደፍቶ ይፋቅ፣ ብናኙ ወደ ውጭ እንዲወድቅ። ከዚያ ዳዶ፣ ቀጥሎ ቀለበት። ቧንቧው ለስላሳ ከሆነ ውስጡ የምትገባ ትንሽ የናስ ማጠናከሪያ አለች፤ እሷ ካልገባች ሲጠብቅ ይጨፈለቃል። ቧንቧው መገጣጠሚያው ውስጥ እስከ ጥግ ድረስ ይግባ። ዳዶው በእጅ እስኪያዝ ይዙር፣ ከዚያ በመፍቻ አምራቹ በጻፈው ዙር ልክ ይጥበቅ። በፎርሳ መጨመር መዳቡን ያቆስለዋል። እንዲህ ዓይነቱ መገጣጠሚያ ላይ ቴፍሎን አይጠመጠምም፤ የሚያሽገው ብረት በብረት ላይ መንከሱ ነው።

ቧንቧው በየ50 ሴንቲሜትሩ በማሰሪያ ይያዝ። ወደ ማጂ የሚወስደውን መንገድ የሄደ ሰው መንቀጥቀጥ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት ይግባ፤ ያለዚያ ላሜራው ቀስ እያለ ቧንቧውን ይበላዋል። እጅ የማይደርስበት ቦታ ላይ መገጣጠሚያ አይኑር። ከማሞቂያው በፊት በቀላሉ የሚገኝ መዝጊያ ይግባ። ምድጃም ካላችሁ ለእሱ ለብቻው ሌላ መዝጊያ።

ጎማ የሚገባው ከሬጉሌተሩ እስከ ቧንቧው መጀመሪያ ድረስ ብቻ ነው። 40 ሴንቲሜትር ገደማ ይበቃል። ለጋዝ ተብሎ የተሠራና ዓመተ ምሕረቱ የታተመበት ይሁን። የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ በፋሸታ አስሮ ማለፍ የለም።

ማሞቂያውንና የጭስ ቱቦውን መግጠም

መጀመሪያ ከውስጥ በቀጭን መብሻ አንድ ቀዳዳ አውጡ። ከሥር ገብታችሁ ያሰባችሁበት ቦታ ላይ መውጣቱን እዩ። ከዚያ ነው ትልቁን ቀዳዳ በትራፓኖ የምታወጡት። ጠርዙን በሊማ አለስልሱ። አንቲረስት ቀቡና ይድረቅ። ይህን ሳትጠብቁ ብትገጥሙ የጅማ ክረምት በሁለት ዓመት ውስጥ ያዝገዋል።

የጭስ ቱቦው ከማሞቂያው ጋር የመጣው ይሁን። በሌላ ቱቦ አትተኩት፤ ርዝመቱንም ከተፈቀደው አታሳልፉት። ከማሞቂያው እስከ አፉ ወደ ታች ያዘነብል። ጭሱ ሲቀዘቅዝ ውሃ ያዝላል፤ ውሃው መውረጃ ካጣ መንገዱን ይዘጋል። ቱቦው ከኮምፔንሳቶ፣ ከሽቦና ከፕላስቲክ ይራቅ። ወለሉን የሚያልፍበት ቀዳዳ ሙቀት በሚችል ማሸጊያ ዙሪያውን ይደፈን። ተራው ሲሊከን እዚህ አይሠራም።

አፉን ከመኪናው ሥር መሐል ላይ አትተዉት። እስከ መኪናው ጠርዝ ድረስ አውጡት። ንፋስ በማይነፍስበት ሌሊት ጭሱ ከወለሉ ሥር ይጠራቀምና በማርሽ ቀዳዳ፣ በሽቦ ማለፊያ፣ በበር ጎማ ሥር ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ይህን ሥራ ስትጨርሱ ወለሉን ሁሉ በባትሪ ፈትሹ። አንድ ሰው ከሥር ያብራ፣ ሌላው በሮችን ዘግቶ ከውስጥ ይይ። ብርሃን ያያችሁበት ቦታ ሁሉ ይደፈን። የሲሊንደሩ ሳጥን ቀዳዳ ግን ክፍት ሆኖ ይቅር፤ እሱ ከመኝታው ክፍል የተለየ ነው።

የሙቅ አየሩ መውጫ ወደ እግርጌ ይሁን እንጂ ወደ ልጆቹ ፊት አይሁን። አፉ ላይ ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ እንዳይደፋበት ከለላ ሥሩለት። ሁለት መውጫ ካለ አንደኛው የማይዘጋ ይሁን። አየሩ ወደ ማሞቂያው የሚመለስበት ክፍተትም ከአልጋው ሳጥን ላይ ይከፈት፤ እሱን ከረሳችሁ ዕቃው ከልክ በላይ ይግልና ራሱን ያጠፋል።

«ማሞቂያው የተዘጋ ነው» ተብሎ የመኪናው አየር ማስገቢያ አይደፈንም። አራት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳል። ጣሪያው ላይ አንድ፣ ዝቅ ብሎ አንድ፣ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ማስተንፈሻ ይኑር።

ኤሌክትሪኩ

ይህ አጭር ነው። ከሞተሩ ባትሪ ሌላ ሁለተኛ ባትሪ ይኑራችሁ፤ ያለዚያ ጠዋት መግፋት ይመጣል። ትናንሽ ማሞቂያዎች ሲሠሩ ከ1 እስከ 2 አምፔር ይጠጣሉ። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የሊድ ባትሪ ከግማሹ በታች እንዳይወርድ ብትጠብቁት እንኳ ለሌሊቱ ይበቃል። ሽቦው ከባትሪው በቀጥታ ይምጣ። ፊዩዙ ማሞቂያው አጠገብ ሳይሆን ባትሪው አጠገብ ይግባ፣ መጠኑም መጽሐፉ ያለው ይሁን። ማሞቂያው ጠቅ ጠቅ እያለ አልነሳ ካለ ጋዙን ከመወንጀላችሁ በፊት ማሞቂያው ጋ ቮልቱን ለኩ። ብዙ ጊዜ ቀጭን ሽቦ ነው።

ፍተሻ

ጋዝ ከመክፈታችሁ በፊት መስመሩ በአየር ይፈተሻል። ለእንዲህ ዓይነት መኪናዎች በአውሮፓ የሚሠራበት ልክ 150 ሚሊባር ነው። ጌጅ ካላገኛችሁ ውሃ ራሱ ጌጅ ነው። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ አቁሙ። 4 ሜትር የሚሆን ጥርት ያለ የፕላስቲክ ቱቦ በጣውላው ላይ ወደ ታች አውርዳችሁ፣ ከሥር አጥፋችሁ፣ ወደ ላይ መልሱና እሰሩት። እስከ ጣውላው ግማሽ ድረስ ውሃ ሙሉበት። አንዱን አፍ ከጋዝ መስመሩ ጋር አገናኙ፣ ሌላው ክፍት ይሁን። የማሞቂያውን መዝጊያ ዝጉ፣ ሲሊንደሩ ተለይቶ ይውጣ። በብስክሌት ፓምፕ በዝግታ ንፉ። በሁለቱ ጎን ባለው ውሃ መካከል ያለው ልዩነት 1 ሜትር ከ53 ሲደርስ 150 ሚሊባር ሆነ ማለት ነው።

አምስት ደቂቃ ይረጋጋ። ከፍታውን በማርከር ምልክት አድርጉ። ሌላ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ከምልክቱ ፈቀቅ ማለት የለበትም። ይህን በጥላ ሥር ሥሩት፤ ፀሐይ ያረፈበት ቧንቧ አየሩን ስለሚያሰፋው ፍሳሹን ይደብቅባችኋል። ውሃው ከወረደ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በሳሙና ውሃ ቀቡ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በትንሽ ውሃ በጥብጣችሁ በብሩሽ ነው የሚቀባው። ትንሹ ፍሳሽ ወዲያው አይታይም። ዳዶው ጀርባ ላይ ነጭ የአረፋ ጭፍጫፊ ቀስ ብሎ ይሰበሰባል። ስለዚህ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ዙሪያውን፣ ከኋላውም በመስታወት እያያችሁ፣ ጊዜ ስጡት። ክብሪት ወይም ላይተር አስጠግቶ መፈተሽ ነፍስ ማጥፊያ ነው።

ያው ቱቦ ለሬጉሌተሩም ያገለግላል። ጋዝ ተከፍቶ ማሞቂያው ሲሠራ፣ ዕቃው ባለ 30 ሚሊባር ከሆነ የውሃው ልዩነት 30 ሴንቲሜትር አካባቢ፣ ባለ 50 ከሆነ 50 ሴንቲሜትር አካባቢ ካሳየ ግፊቱ ልክ ነው።

ከዚያ ሲሊንደሩ ይገጠም፣ ሬጉሌተሩ ላይም ሳሙና ይቀባ። ልጆች ራቅ ይበሉ። በሮች ሁሉ ክፍት ሆነው አስነሱት። ቧንቧው ውስጥ አየር ስላለ መጀመሪያ ላይነሳ ይችላል፤ መጽሐፉ በሚለው ልክ ጠብቃችሁ እንደገና ሞክሩ። አዲስ ዕቃ ከሆነ የቀለምና የዘይት ሽታ ያወጣል። ሽታው እስኪጠፋ በሮች ክፍት ሆነው በሙሉ ኃይሉ ይሥራ። የጭስ አፉን እዩ። ጥቁር ጥላሸት ካለበት፣ ወይም እሳቱ በሚታይበት ዓይነት ላይ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ከሆነ፣ አጥፉና ለባለሙያ አሳዩ።

ሁለት ማንቂያ ሳይኖር ማንም አይተኛበትም። የካርቦን ሞኖክሳይዱ ማንቂያ አልጋው አጠገብ፣ በምትተነፍሱበት ከፍታ ይሰቀል። ላዩ ላይ ኢኤን 50291-2 የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ለመኪናና ለጀልባ የተሠራው እሱ ነው። የማብሰያ ጋዙ ማንቂያ ግን ዝቅ ብሎ ወለሉ አጠገብ ይሁን። የጭስ ማንቂያ ሁለቱንም አይተካም። ከዚያ በሮቹን ዝጉና ሁለት አዋቂዎች ነቅታችሁ ጥቂት ሰዓት ተቀመጡበት። ልጆቹ የሚገቡት ከዚህ በኋላ ነው።

ሲኖሩበት

መኪናው ሲንቀሳቀስ ሲሊንደሩ ይዘጋ። ነዳጅ ማደያ ስትገቡ ማሞቂያው የጠፋ መሆኑን አረጋግጡ። ስታቆሙ የጭስ አፉን ወደ ግድግዳ፣ ወደ ሌላ ድንኳን ወይም ወደ ደረቅ ሣር አታዙሩ።

የጋዝ ሽታ ከመጣ ማብሪያና ማጥፊያ አትንኩ። ልጆቹን አውጡ፣ ሲሊንደሩን ከውጭ ዝጉ፣ በሮቹን ሁሉ ክፈቱ። ጋዙ ዝቅ ብሎ ስለሚተኛ እስኪወጣ ጊዜ ስጡት።

ሽታ ሳይኖር ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከመጣ፣ በተለይም ከአንድ ሰው በላይ ከታመመ፣ ምግብ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ሁላችሁም ውጡ፣ ማሞቂያውን አጥፉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ። ገና ከበሩ «ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳይሆን አይቀርም» በሏቸው፤ ሕክምናው ኦክስጅን ነውና። ጣት ላይ የሚገባው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ መርዝ ጊዜ ደህና ነው ብሎ ያሳስታል። ቁጥሩን አይታችሁ እንዳትመለሱ።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ የአየር ፍተሻውን ድገሙት። የጭስ አፉን በባትሪ እዩ፤ መኪናው ቆሞ ሲከርም ተርብና ሸረሪት ቤት ይሠሩበታል። ከሳጥኑ ሥር ያለውን ወንፊት ከጭቃ አጽዱ። ጎማው ከተሰነጣጠቀ ዕድሜው ባይደርስም ይቀየር። ሬጉሌተሩ ደግሞ 10 ዓመት ከሞላው ደህና ቢመስልም ይቀየር። ሲሊንደር በቀየራችሁ ቁጥር ሬጉሌተሩ መገጣጠሚያ ላይ የሳሙና ውሃ ቀቡ። ብሩሹንና ሳሙናውን ከሳጥኑ በር ጎን በትንሽ ኪስ ሰቅላችሁ ተዉት።